ለእንጨት ሲኤንሲ ሶፍትዌር መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከተክለሃይማኖት እስከ መርካቶ ዳር፣ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚቆርጥና የሚቀርጽ ማሽን) ያስገቡ ወይም ሊያስገቡ የሚያስቡ የእንጨት ባለሙያዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንዳንዱ ጥያቄ በሁለት መስመር ያልቃል። አንዳንዱ ግን ገንዘብም ቦርድም የሚያስበላ ስለሆነ ረዘም አድርጌዋለሁ። የሶፍትዌር አምራቾች ዋጋና ገደብ ይቀያይራሉ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን እዩ።

ለመሆኑ ጥሩው ሶፍትዌር የትኛው ነው?

ይህን ስትጠይቁኝ እኔም መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። የማሽናችሁ ኮንትሮለር፣ ማለትም ፋይሉን አንብቦ ማሽኑን የሚያዘው ክፍል፣ ምንድን ነው? ለደንበኛ የምትሸጡት ሥራስ ምንድን ነው?

ሶፍትዌር የሚመረጠው ከማሽኑ ተነስቶ ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ የሚያነበውን ፋይል ማወቅ፣ ቀጥሎ ያንን ፋይል በትክክል የሚያወጣውን ሶፍትዌር መለየት፣ በመጨረሻ መሳያውን መምረጥ። ብዙ ሰው ግን ከመሳያው ይጀምራል። ዩቲዩብ ላይ የአንበሳ ፊት ሲቀረጽ ያያል፣ ልቡ ይሄዳል፣ ያንኑ ሶፍትዌር ይፈልጋል። ሱቁ ውስጥ ግን ከዓመት እስከ ዓመት የሚቆረጠው የኪችን ካቢኔት ጎንና በር ነው። ለአንበሳው የወጣው ብር ለካቢኔቱ ምንም አይጠቅምም።

የመሳያውና የቱልፓዙ ሶፍትዌር አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቅርጹ ይሳላል። ቀጥሎ ቱልፓዝ ይወጣል፤ ማለትም ቢቱ (የሚቆርጠው ስለት) በየት በኩል እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት፣ በአንድ ዙር ስንት ሚሊ እንደሚጠልቅ ይወሰናል። ሦስተኛው ያንን መንገድ ማሽኑ ወደሚገባው ጂ-ኮድ መለወጥ ነው፤ ይህን የሚሠራው ፖስት ፕሮሰሰር፣ ባጭሩ ፖስት ይባላል።

ቪካርቭ፣ አስፓየር፣ ካርቬኮና ፊውዥን ሦስቱንም በአንድ ቤት ይሠራሉ። አውቶካድ፣ ኮረልድሮውና ኢንክስኬፕ በዋናነት መሳያ ናቸው። እነሱ ላይ የተሳለው ሌላ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ ቱልፓዝ ይወጣለታል።

ኮንትሮለሬ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ይህን ያህልስ ለምን ያስጨንቃል?

በእጅ የሚያዝ፣ ትንሽ ስክሪንና ቁልፎች ያሉት፣ ፍላሽ የሚሰካበት ከሆነ ዲኤስፒ የሚባለው ነው። ስሙ ከፊት ወይም ከኋላ ተጽፏል፤ ሪችኦቶ ኤ11 የዚህ ዓይነት ነው። ማሽኑ ኮምፒውተር ውስጥ ከተሰካ ካርድ ጋር በኬብል ከተያያዘ፣ ስክሪኑ ላይ የሚከፈተውን ፕሮግራም ስም እዩ፤ ኤንሲ ስቱዲዮ ወይም ማች3 ሊሆን ይችላል። ትንንሾቹ የጠረጴዛ ማሽኖች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ጂአርቢኤል በሚባለው የኮንትሮለር ፕሮግራም ነው።

የሚያስጨንቀው ይህ ነው፦ የጂ-ኮድ ፋይል ሁሉ አንድ አይደለም። ፖስቱ ካልገጠመ ማሽኑ ፋይሉን አልከፍትም ይላል፤ ወይም ይከፍትና ክብ የነበረውን ቅስት ያንሻፍፈዋል። አንዳንዴ ደግሞ ሥራው በሙሉ 25.4 እጥፍ ይተልቃል ወይም ያንሳል። ያኔ አንዱ ወገን በኢንች፣ ሌላው በሚሊሜትር እያነበበ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት የፖስት ዝርዝሩን አስከፍቱ። የእናንተ ኮንትሮለር ስም በሚሊሜትር አለ? ካለ ጥሩ። ከሌለ ማሽኑን የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁ። የብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ፖስት ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ የሚያውቅ ሰው ያስተካክለዋል።

ለዲኤስፒ ተጠቃሚዎች ሁለት ነገር ልጨምር። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ይሁን። የፋይሉን ስም ደግሞ በላቲን ፊደልና በቁጥር፣ አጠር አድርጋችሁ ጻፉት። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ኮንትሮለሩ ላይ ምልክት ብቻ ሆኖ ሊታይ ወይም ጭራሽ ላይከፈት ይችላል።

ከማሽኑ ጋር በሲዲ የመጣልኝ አርትካም አለ። እሱን ብጠቀም ምን አለበት?

አርትካም የዴልካም ኩባንያ ምርት ነበር። አውቶዴስክ ዴልካምን እ.ኤ.አ. በ2014 ገዛው፤ በ2018 ደግሞ አርትካምን መሸጥ አቆመ። ከዚያ በኋላ ሥራው ካርቬኮ በሚል ስም ቀጥሏል። ስለዚህ ዛሬ ከማሽን ጋር በነጻ የሚሰጥ አርትካም በአብዛኛው የተሰበረ፣ ማለትም መቆለፊያው ያለ ፈቃድ የተከፈተ ቅጂ ነው።

አገራችን ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው የሥራ ጉዳይ ነው። የተሰበረ ሶፍትዌር ለመጫን አንቲቫይረስ አጥፉ ይባላል። ያ ኮምፒውተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ ይሰካበታል። አንድ ቀን ቫይረስ ሲገባ የሚጠፋው የዓመት ሥዕል ነው። ሦስተኛ፣ አዲስ ዊንዶውስ ሲመጣ እንቢ ይላል፤ የሚጠየቅም ሰው የለም።

ደስ የሚለው ግን አርትካም ላይ የተማራችሁት እጅ አይባክንም። ካርቬኮ ውስጥ ያለው አሠራር እጅግ ይመሳሰላል፤ የለመደ ሰው ብዙ ሳይቸገር ይይዘዋል። ካርቬኮ የሚከፈለው ግን በደንበኝነት መልክ ነው፤ ስለ እሱ ከታች እመለስበታለሁ።

ሥራዬ ኪችን ካቢኔትና ቁም ሳጥን ነው። ምን ይሻለኛል?

ለእናንተ ዋናው ነገር ነስቲንግ ነው። ቦርዱ 1220 በ2440 ነው፤ ክፍሎቹን በላዩ ላይ አጠጋግቶ የሚደረድርላችሁ ሶፍትዌር ያስፈልጋችኋል። ቦርድ በተወደደበት ጊዜ ጥሩ ድርደራ ራሱን የቻለ ትርፍ ነው።

ቪካርቭ ፕሮ ነስቲንግ አለው። ቪካርቭ ዴስክቶፕ ግን የለውም፤ የሚቀበለውም የሥራ ስፋት 635 በ635 ሚሊ ብቻ ነው። ዋጋው ረከስ ያለ ስለሆነ ያጓጓል። 1300 በ2500 ማሽን ላለው ሰው ግን የግማሽ በር እንኳ አይበቃውም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ የሚባለው እንዲህ ዓይነቱ ነው። በአንጻሩ ትንሽ ማሽን ይዞ ስጦታ ዕቃና ታፔላ ለሚሠራ ሰው ዴስክቶፑ ይበቃዋል።

ካቢኔት ላይ ሶፍትዌሩ ሊያግዛችሁ የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በ6 ሚሊ ቢት የተቆረጠ ውስጣዊ ማዕዘን 3 ሚሊ ሬዲየስ ይቀርበታል፤ ስኩዌር ሆኖ የተቆረጠ ሌላ ክፍል ቢገባበት አይቀመጥም። ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ክብ ቆርጦ ያንን ትርፍ የሚያነሳው ዶግቦን የሚባለው ነው። ቪካርቭ ውስጥ በአንድ ክሊክ ይገባል። በእጅ እየሳሉ ማስገባት ይቻላል፤ መቶ ማዕዘን ሲሆን ግን ቀኑ ያልቃል።

ስለ ውፍረትም አስቡበት። 18 ሚሊ ተብሎ የሚሸጥ ቦርድ በካሊፐር ሲለካ ሁልጊዜ 18 አይሆንም። መክተቻውን ልክ 18 አድርጋችሁ ከሳላችሁ ወይ ይላላል፣ ወይ በመዶሻም አይገባም። ፊውዥን ላይ ውፍረቱን አንድ ቦታ ቁጥር አድርጋችሁ ትሰይሙታላችሁ፤ 17.6 ብላችሁ ስትቀይሩት በትክክል የታሰረ ሥዕል መክተቻውን ሁሉ ይዞ ይቀየራል። ተመሳሳይ ካቢኔት በተለያየ ስፋት ደጋግማችሁ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቪካርቭም አዳዲሶቹ ላይ ውፍረትን በስም መያዝ ይቻላል፤ የፊውዥንን ያህል ግን አይሄድም።

ትንንሽ ክፍሎች በመጨረሻው ዙር ከቦርዱ ተላቀው እንዳይወረወሩ ታብ የማስገባት አማራጭ መኖሩንም እዩ። ታብ ካልወደዳችሁ ከታች ግማሽ ሚሊ አስቀርቶ ሁለተኛ ዙር መጨረስ ይቻላል።

ሞዛይክና ካቢኔት ቪዥን የሚባሉ ለካቢኔት ብቻ የተሠሩ ሶፍትዌሮች አሉ። ክፍሉን ስትለኩ ከካቢኔቱ ሥዕል እስከ መቁረጫ ዝርዝሩ ያወጣሉ። ብዙ ሠራተኛ ይዞ በተከታታይ ለሚያመርት ድርጅት ናቸው፤ ለአንድ ማሽን ቤት ይከብዳሉ።

የተቀረጸ በር፣ ሐረግ፣ መስቀል የምሠራ ከሆነስ?

እዚህ ጋ ነው ውዱ ሶፍትዌር ዋጋውን የሚያወጣው። ቪካርቭ ተዘጋጅቶ የመጣ 3ዲ ሞዴል ተቀብሎ ይቆርጣል። ከባዶ ተነስቶ ቅርጹን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ሐረጉን ማጉበጥ፣ አንዱን ከሌላው በላይ ማሳለፍ ከፈለጋችሁ ግን አስፓየር ወይም ሙሉው ካርቬኮ ያስፈልጋል። አስፓየር 2,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ቪካርቭ ፕሮ ከግማሹ በታች ነው። ብሌንደር በነጻ የሚገኝ ጎበዝ መቅረጫ ነው። እሱ ላይ ሠርታችሁ በኤስቲኤል (የ3ዲ ሞዴል ፋይል ዓይነት ነው) አውጥታችሁ ቪካርቭ ላይ መቁረጥ ትችላላችሁ። ትምህርቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡና በነጻ የሚወርዱ ሞዴሎች አብዛኞቹ የአውሮፓ ቅጠልና አበባ ናቸው። ሳሎን በር ላይ ያምሩ ይሆናል። ለቤተ ክርስቲያን በር ሲሆን ግን ያሳዝነኛል። የራሳችን የብራና ሐረግ፣ የላሊበላና የአክሱም መስቀሎች እያሉ የሌላ አገር ቅጠል የምናስቀርጸው ሥዕሉ ተዘጋጅቶ ስላልተገኘ ብቻ ነው። ሐረግን በንጹህ መስመር ስሉት፣ ከዚያ አስፓየር ላይ እያንዳንዱን ገመድ አጉብጡት። አንድ ጊዜ በደንብ የተሠራ ሐረግ ለብዙ በር ይሆናል፤ ከሌላውም ሱቅ ይለያችኋል።

ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ሶፍትዌሩ የሚነግራችሁን ሰዓት እዩ። ምሳሌ ልስጥ። 600 በ400 ሚሊ የሆነ ቅርጽ በ6 ሚሊ ክብ አፍ ቢት ይጨረሳል እንበል። በመስመርና በመስመር መካከል 0.6 ሚሊ ብትሰጡ ቢቱ 667 ጊዜ ገደማ ይመላለሳል፤ አንዱ ጉዞ 600 ሚሊ ስለሆነ በጠቅላላ 400 ሜትር ይጓዛል። በደቂቃ 3 ሜትር ቢሄድ ከ2 ሰዓት በላይ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው ማራገፊያ ዙር ሳይቆጠር። ክፍተቱን ወደ 0.3 ካጠበባችሁት ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል። በ0.6 የሚቀረው ሸንተረር ሜዳ ቦታ ላይ የአንድ ሚሊ መቶኛ ተኩል አካባቢ ነው፤ ዋንዛ ላይ በቀላል ብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል። ማጥበቡ ሁልጊዜ አያዋጣም።

ታፔላ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ሳስገባ ይበላሽብኛል። ምን ላድርግ?

ከሁሉ በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምክንያቱም መልሱን ከውጭ የመጣ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም።

መጀመሪያ ፎንቱ ዩኒኮድ ይሁን። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛሉ፤ ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር፤ አዲሶቹ ላይ ግን እንደ ተጨማሪ ፎንት ይጫናል። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ድብልቅልቅ ሆኖ ይከፈታል። ቀጥሎ ጽሑፉን ኮረልድሮው ወይም ኢንክስኬፕ ላይ ጻፉና ወደ ኩርባ መስመር ቀይሩት። ኢንክስኬፕ ላይ ኦብጀክት ቱ ፓዝ የሚለው ነው፤ ኮረል ላይ ኮንቨርት ቱ ከርቭስ። አሁን ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ ሥዕል ሆኗል፤ የትም ቢሄድ አይበላሽም። የሚደራረቡ መስመሮች ካሉ በዩኒየን ወይም በዌልድ አንድ አድርጓቸው። ካልሆነ ቢቱ ፊደሉ መሀል ላይ ይቆርጣል። ስታስተላልፉ በኤስቪጂ ወይም በፒዲኤፍ ይሁን፤ ዲኤክስኤፍ ኩርባውን ወደ ብዙ ቁርጥራጭ መስመር ሊሰባብረው ይችላል።

ከዚያ ቢቱን አስቡ። "ሬስቶራንት" የሚለውን ቃል በ4 ሳንቲም ቁመት እያስቀረጻችሁ ነው እንበል። የ"ሬ" እግር ላይ ያለችው ቀለበት ውስጧ ሁለት ሦስት ሚሊ ብትሆን ነው። 6 ሚሊ ቢት አይገባባትም። ሶፍትዌሩ ደግሞ የማይገባበትን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ፊደሉ ሲጨርስ "ሬ" ወይም "ሪ" መሆኑ አይለይም። "ሜ"፣ "ሴ"፣ "ሟ" ላይም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ፕሪቪው ላይ ፊደል በፊደል አጉልታችሁ እዩ።

ለተቦረቦረ ጽሑፍ ቪ-ቢት (ጫፉ እንደ ቪ የሾለ ቢት) ይሻላል፤ ቪካርቭ ስሙን ያገኘበት ሥራ ነው። ሶፍትዌሩ ጥልቀቱን ከመስመሩ ስፋት ያሰላዋል። በ90 ዲግሪ ቢት 8 ሚሊ ስፋት ያለው የፊደል እግር 4 ሚሊ ይጠልቃል። ያንኑ በ60 ዲግሪ ብትሠሩት 6.9 ሚሊ ይደርሳል። ሰሌዳው 6 ሚሊ ከሆነ በስተኋላ ወጣ ማለት ነው። ፍላት ዴፕዝ የሚለውን ሳጥን ሞልታችሁ ጥልቀቱን ወስኑት። የፊደሎቻችን እግር ደልዳላ ስለሆነ ይህ ከላቲኑ ይልቅ እኛ ላይ ይበዛል።

በነጻ ሶፍትዌር ብቻ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። ለጠፍጣፋ ሥራ ኢንክስኬፕ ላይ ስሉ፣ ቱልፓዙን ፍሪካድ ወይም ኪሪሞቶ ላይ አውጡ። ፍሪካድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ገደማ 1.0 ደርሷል፤ ከድሮው ብዙ ተሻሽሏል። የወጣውን ጂ-ኮድ ማሽኑ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ካሞቲክስ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። ኤስትልካም የሚባለው የጀርመን ሶፍትዌር ነጻ ባይሆንም ርካሽ ነው፤ አንዴ ነው የሚከፈለው፣ ለጀማሪም ቀላል ነው።

ነጻው ሶፍትዌር የሚያስከፍላችሁ ጊዜ ነው። እየተማራችሁ ከሆነ በዚህ ጀምሩ፤ ብር አታውጡ። ደንበኛ ወረፋ ይዞ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ግን የሚከፈልበት ሶፍትዌር ላይ የሚተርፈው ሰዓት ዋጋውን ይመልሳል።

ፊውዥን ነጻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ለግል መጠቀሚያ ነጻ የሆነ አለው፤ ግን ገደቡን አንብቡ። በዓመት ከ1,000 ዶላር በታች ገቢ ላለው የግል ሥራ ነው፤ ሱቅ ከፍቶ ለሚሠራ አይሆንም። በአንድ ጊዜ የሚስተካከሉት ፋይሎች 10 ብቻ ናቸው። ማሽኑ ሳይቆርጥ ከቦታ ቦታ ሲሄድ የሚጠቀመው ፈጣን ጉዞም ተነስቷል፤ ባዶውን ሲሄድ እንኳ በመቁረጫው ፍጥነት ይጎተታል። ሙሉ ቦርድ ላይ ይህ ቀላል ጊዜ አይደለም። ተማሪና አስተማሪ ከሆናችሁ የትምህርት ፈቃድ አለ፤ እሱም ለትምህርት ብቻ ነው።

አውቶካድ፣ ስኬችአፕ ወይም ኮረል አውቃለሁ። ሌላ መሳያ ልማር?

አትማሩ። የምታውቁትን ያዙ። ቱልፓዙን ብቻ ጨምሩ።

አውቶካድ ላይ ስትሠሩ መስመሮቹ የተዘጉ ይሁኑ፤ በጆይን አገናኟቸው። ኦቨርኪል የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታችሁ የተደረበውን አጥፉ፤ የተደረበ መስመር ማሽኑን እዚያው ቦታ ሁለት ጊዜ ያስኬደዋል። ዩኒቱ ሚሊሜትር ይሁን።

ስኬችአፕ ላይ ክብ በትክክል ክብ አይደለም፤ ሌላ ካልተባለ 24 ጎን ያለው ቅርጽ ነው። 35 ሚሊ የማጠፊያ ቀዳዳ እንዲህ ከወጣ ጎኖቹ ወደ ውስጥ 0.15 ሚሊ ያህል ይገባሉ፤ ማጠፊያው ይጠብቃል። የጎኑን ቁጥር ጨምሩ፤ ወይም ቀዳዳውን ቱልፓዝ ሶፍትዌሩ ላይ ሳሉት።

አንዴ መክፈል ይሻላል ወይስ በየወሩ?

ለእኛ አንዴ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚታደስ ነገር ሁሉ በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል። የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ማግኘቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ለአንድ ክፍያ ዘመድ ይተባበራችኋል፤ በየወሩ ግን ሰው ማስቸገር ይከብዳል። የቪካርቭ ቤተሰብ አንዴ ተከፍሎ ለዘለቄታው ይቀመጣል፤ በትንሹ ጀምሮ በኋላ ልዩነቱን ከፍሎ ማሳደግም ይቻላል። ፊውዥንና ካርቬኮ በደንበኝነት ነው የሚሠሩት። ክፍያው የቆመ ቀን ሥራውም ይቆማል።

መብራትና ኢንተርኔት ቢቆራረጥስ?

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሶፍትዌር ምረጡ። በብራውዘር ብቻ የሚከፈተውን ለመለማመጃ እንጂ ለሱቅ አልመክርም። ፊውዥን ያለ ኔትወርክ ለተወሰነ ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ግን መግባት ይፈልጋል።

መብራት ላይ ሶፍትዌሩ የሚረዳው ሥራውን በመከፋፈል ነው። ረጅሙን ቅርጽ አንድ ፋይል አታድርጉት፤ ቦታ ቦታ ከፋፍላችሁ አውጡት። መብራት ሲሄድ የሚደገመው የቀረው ክፍል ብቻ ይሆናል። ዲኤስፒዎች ያቋረጡበትን ቦታ ያስታውሳሉ፤ ግን መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ ማሽኑን ወደ መነሻው መልሱት። ዜሮ ቦታችሁንም ቦርዱ ላይ ምልክት አድርጉበት።

ማሽን የለኝም። ሲኤንሲ ቤት ወስጄ ነው የማስቆርጠው።

እንግዲያውስ ቱልፓዝ ሶፍትዌር አትግዙ። ንጹህ ሥዕል በዲኤክስኤፍ ወይም በኤስቪጂ ይዛችሁ ሂዱ። የሚቆረጠውን በአንድ ሌየር፣ የሚቦረቦረውን በሌላ፣ ቀዳዳውን በሌላ አድርጉ። የቦርዱን ውፍረትና የእያንዳንዱን ጥልቀት በወረቀት ጻፉ። የቃል ትእዛዝ በማሽኑ ጩኸት መሀል ይጠፋል።

ምን ዓይነት ኮምፒውተር?

ዊንዶውስ ይሁን፤ የቪካርቭ ቤተሰብ ማክ ላይ በቀጥታ አይጫንም። ለጠፍጣፋ ሥራ 8 ጊጋ ራም ይበቃል፤ ለ3ዲ 16 ይሁን። ማሽኑን የሚነዳው ኮምፒውተር ላይ አትሳሉ። ማች3ን በድሮው ፓራለል ፖርት የምትጠቀሙ ከሆነ 32 ቢት ዊንዶውስ ግድ ስለሆነ ያንን አሮጌ ኮምፒውተር ጠብቁት።

ከመግዛቴ በፊት እንዴት ልሞክረው?

ቪካርቭና አስፓየር የሙከራ ቅጂ አላቸው። የራሳችሁን ሥራ ጂ-ኮድ አያወጣም፤ አብረው የሚመጡትን ናሙናዎች ግን ያወጣል። ያ በቂ ነው። ናሙናውን በእናንተ ፖስት አውጥታችሁ በፍላሽ ወስዳችሁ ማሽኑ ላይ ክፈቱት። መጀመሪያ ቢቱን ከእንጨቱ በላይ ከፍ አድርጋችሁ በአየር አስኪዱት።

ዜድ ዜሮ ላይ፣ ማለትም ከፍታና ጥልቀት የሚቆጠርበት መነሻ ላይ ተጠንቀቁ። ሶፍትዌሩ ላይ ዜሮው የእንጨቱ ፊት ነው ብላችሁ፣ ማሽኑ ላይ ግን ጠረጴዛው ላይ ከያዛችሁት፣ ቢቱ ከፍ ብሎ መሄድ ሲገባው እንጨቱን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ጠረጴዛውንም ይበላል። በግልባጩ ከሆነ አየር ይቆርጣል፤ እሱ እንኳ ጉዳት የለውም።

ሌሎቹን ሶፍትዌሮች ስትሞክሩ የራሳችሁን መፈተሻ ሳሉ። 100 በ100 ሚሊ ካሬ፣ መሀሉ ላይ 35 ሚሊ ቀዳዳ፣ ጎኑ ላይ አንድ "ሬ"። በቁራጭ ኤምዲኤፍ ቁረጡትና በካሊፐር ለኩት። ካሬው አንሶ ቀዳዳው ከሰፋ፣ ቢታችሁ ሶፍትዌሩ ላይ ከጻፋችሁት ይወፍራል። ካሬው በአንድ በኩል 100 ሆኖ በሌላ በኩል 99.5 ከሆነ ግን ችግሩ የማሽኑ ነው፤ እሱን ሳታስተካክሉ ምንም ሶፍትዌር አትግዙ።